የዝናብን ውሃ በየወሩ በጠርሙስ ይዞ ስለ ማስመርመር

ውሃ ለሰው፣ ለከብትና ለአዝመራ ሕይወት መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን የሚጠጣውና እርሻውን የሚያጠጣበት ውሃ ከወዴት እንደ መጣ፣ በምድር ውስጥ ስንት ዘመን እንደ ኖረ፣ የተቀዳውም መልሶ የሚተካ መሆኑንና አለመሆኑን ጠይቆ የሚረዳ ሰው ጥቂት ነው። ምንጭ ሲፈልቅ ምስጋና ይደረጋል፤ ሲደርቅ ይለቀሳል፤ በምስጋናውና በልቅሶው መካከል ሊደረግ የሚገባው ምርመራ ግን ይረሳል። አገር እንዲያስተዳድር የተሾመና ሰፊ እርሻ የያዘ ሰው እንዲህ ሊሆን አይገባውም፤ እርሱ የሚፈቅደው ጕድጓድና እርሱ የሚያስቈፍረው ቦይ የብዙ ሰዎችን ኑሮ ያቀናል ወይም ያፈርሳልና።

ይህ ነገር ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚያሳስብ ሆኗል። ውሃ በእንስራ ብቻ በሚቀዳበት ዘመን የጕድጓድ ጥልቀት በክንድ የሚለካ፣ የሚወጣውም ለቤተ ሰብና ለከብት የሚበቃ ያህል ነበር። ዛሬ ግን መቈፈሪያው መኪና 200 ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ ታች ዘልቆ ይገባል፤ በነዳጅ፣ በኤሌክትሪክና በፀሐይ ኃይል የሚሠራውም መሳቢያ የመንደሩ ሰው ሁሉ በእንስራ ቀድቶ የማይጨርሰውን በጥቂት ሰዓት ያወጣዋል። ስለዚህ በምድር ውስጥ ያለው ውሃ ሁለት ዓይነት መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛው በየክረምቱ ዝናብ የሚተካ ነው፤ ይህ እንደ ዓመት አዝመራ ነው፤ በልክ የበላው ሰው በሚመጣው ዓመት ደግሞ ያገኛል። ሁለተኛው በጥንት ዘመን ዘንቦ የሰረገ፣ ዛሬ የሚጨመርበት ግን ጥቂት ወይም ምንም ያህል ያልሆነ ነው፤ ይህ አባቶች በጎተራ ትተውት እንደ ሄዱ እህል ነው፤ ካለቀ አለቀ። ሁለቱ ከምድር ሲወጡ መልካቸው አንድ ነው፤ ጣዕማቸውም ብዙ ጊዜ አይለይም። ሹሙ ሁለቱን ሳይለይ የመስኖ ፈቃድ የሰጠ እንደ ሆነ፣ የጎተራው እህል የዘንድሮ አዝመራ መስሎት የሚያካፍለውን መጋቢ ይመስላል።

እነዚህን ሁለቱን የሚለይ ምስክር አለ፤ ምስክሩም ራሱ ውሃው ነው። ነገር ግን የጕድጓድ ውሃ የታመነ ቃል የሚሰጠው የዝናቡ ቃል አስቀድሞ በመዝገብ ተጽፎ እንደ ሆነ ነው። የልጅን መልክ ከአባቱ ጋር የሚያስተያይ ሰው አባቱን ሊያይ እንደሚገባው፣ የምንጭና የጕድጓድ ውሃን ትውልድ የሚመረምርም በዚያው አገር የዘነበውን ዝናብ ሊያውቅ ይገባዋል። ስለዚህ የዝናብ መለኪያ በተተከለበት ስፍራ ሁሉ የየወሩ ዝናብ በጠርሙስ ተይዞ ለምርመራ ሊላክ ይገባል። ይህም ለሊቃውንት ብቻ የሚተው ነገር ሳይሆን ለአገር አስተዳደር የሚያስፈልግ ሥራ ነው።

ነገሩ እንደሚከተለው ነው። ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክሲጅን የተሠራ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ኦክሲጅን ሁሉ ክብደቱ አንድ አይደለም። ብዙው በክብደት ቍጥሩ 16 ሲባል፣ ከ1000 የኦክሲጅን አቶሞች 2 ያህሉ ከርሱ ከብደው 18 ይባላሉ። እንደዚሁም በባሕር ውሃ ውስጥ ካሉት ከ1 ሚሊዮን የሃይድሮጅን አቶሞች 156 ያህሉ የሌሎቹን እጥፍ ይመዝናሉ፤ ስማቸውም ዴውቴሪየም ነው። በጠባይ አንድ ሆነው በክብደት የሚለያዩ እንዲህ ያሉ ወንድማማች አቶሞች አይሶቶፕ ይባላሉ። ይህ ልዩነት በጣዕምም በመልክም አይታወቅም፤ ጠጪውንም አዝመራውንም አይጎዳም፤ የሚታየው በመሣሪያ ብቻ ነው።

ውሃ በፀሐይ ሙቀት ከባሕር ሲተን ቀላሉ ቀድሞ ይነሣል፤ ከባዱ ወደ ኋላ ይዘገያል። ደመናው ቀዝቅዞ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ከባዱ ቀድሞ ይወርዳል። ስለዚህ ደመና ወደ አገር ውስጥ በገባ፣ ወደ ተራራም በወጣ፣ ዝናቡንም ባፈሰሰ መጠን የቀረው ተን እየቀለለ ይሄዳል፤ ከባድ ከባዱን ሸቀጥ በየገበያው እያራገፈ እንደሚጓዝ ሲራራ ነጋዴ ማለት ነው። እንግዲህ የዝናብ ውሃ የመጣበትን መንገድ፣ የወረደበትን ከፍታና ወራት በክብደቱ ተጽፎ ይዞ ይወርዳል፤ ይህም ጽሕፈት ውሃው ወደ ምድር ጠልቆ ከሰረገ በኋላ በቀላሉ አይፋቅም። በኵሬ ወይም በግድብ ተኝቶ በፀሐይ የተነነ ውሃ ግን ቀላሉ እየሄደበት ከባዱ ይበዛበታል፤ ያም ራሱ የሚታወቅ ሌላ ምልክት ነው። ወንዞች ወደ ባሕር ወርደው እንደ ገና ስለ መመለሳቸው በመጽሐፈ መክብብ መነሣቱን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የዛሬ ሊቃውንት የጨመሩት ያን ዙረት ደረጃ በደረጃ የሚከተሉበትን ምልክት ማግኘታቸው ነው።

ይህ ዕውቀት የተገኘው በአንድ ቀን አይደለም፤ ከዚህ በታች የሚጻፉትም ዓመታት በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። አሜሪካዊው ሃሮልድ ዩሬይ በ1931 ዴውቴሪየምን አገኘ፤ ስለዚህም በ1934 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1952 ቪሊ ዳንስጎር የሚባል የዴንማርክ ሊቅ በኮፐንሃገን በቤቱ ግቢ አንድ የቢራ ጠርሙስ አቁሞ፣ በአፉ ላይ ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብ ማፍሰሻ ሰክቶ፣ የሚወርደውን ዝናብ እየለየ አጠራቀመ፤ መርምሮም የዝናቡ ክብደት እንደ ደመናው ሁኔታ መለዋወጡን አየ። ሃርመን ክሬግ በ1961 ከብዙ አገር የተሰበሰበ ውሃ አስተያይቶ፣ የሃይድሮጅኑ ልዩነት የኦክሲጅኑ ልዩነት 8 እጥፍ ሆኖ 10 የተጨመረበት መሆኑን በአንድ መስመር አሳየ፤ ልዩነቱም የሚቈጠረው ከባሕር ውሃ ጋር ተመዛዝኖ ከሺህ ስንት በሚባል ነው። ከዚህ መስመር ርቆ የተገኘ ውሃ በፀሐይ የተነነ ወይም ሌላ ነገር ያገኘው መሆኑ ይጠረጠራል። ዳንስጎርም በ1964 የከፍታን፣ የሙቀትንና የዝናብን ብዛት ሥራ አስፍቶ ጻፈ። አንባቢው ከዚህ የሚያስተውለው፣ የዚህ ሁሉ ዕውቀት መነሻ አንድ ተራ ጠርሙስና የሚጠነቀቅለት ሰው መሆኑን ነው።

በ1957 የተቋቋመውና መቀመጫው በቪየና ከተማ የሆነው ዓለም አቀፍ የአቶም ኃይል ድርጅት፣ ከዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ጋር ተባብሮ፣ ከ1960 ጀምሮ በልዩ ልዩ አገር የየወሩ ዝናብ እየተጠራቀመ እንዲመረመር ሥርዓት አቆመ። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ከ1000 የሚበልጡ ጣቢያዎች በዚህ ሥራ ገብተዋል። አዲስ አበባም ሥራው ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከገቡት ከተሞች አንዷ ናት፤ የዝናቧም መዝገብ በአፍሪካ ካሉት ረጅሞች መካከል ይቈጠራል። ነገር ግን የአፍሪካ ስፋት ሲታይ ጣቢያዎቹ ጥቂትና የተራራቁ ናቸው። ኢትዮጵያን በምታህል፣ ከበረሃ ዝቅታ እስከ ራስ ዳሸን በምትወጣ አገርም የአንድ ከተማ ጠርሙስ ለሁሉ ሊመሰክር አይችልም።

አዲስ አበባ ለዓለም ሊቃውንት ያስተማረችው ነገር ይህን በግልጥ ያስረዳል። በብዙ አገር የተገኘው ደንብ፣ ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቍጥር በዝናቡ ውስጥ ያለው ከባድ ኦክሲጅን ከሺህ ከ0.15 እስከ 0.5 ያህል ይቀንሳል የሚል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ በ100 ሜትር 0.2 ብቻ ይቀንሳል ተብሎ እንኳ ቢታሰብ፣ ዝናቧ ከዝቅተኛው አገር ዝናብ ከሺህ ከ4 በላይ ሊቀልል ይገባው ነበር። የጠርሙሱ ምርመራ ግን ሌላ ነገር አሳየ፤ የአዲስ አበባ ዝናብ በዓመት ተመዝኖ ከባሕር ውሃ የሚያንሰው ከሺህ 1 እስከ 2 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከፍታቸው እጅግ ከሚያንሰው ከእንቴቤና ከዳሬ ሰላም ዝናብ ይልቅ የደጋይቱ ከተማ ዝናብ ከበደ። ምክንያቱን ሊቃውንቱ በብዙ መንገድ ይተረጕሙታል። አንዳንዶቹ ተኑ በመንገዱ ላይ ከዕፀዋትና ከረግረግ ምድር የተመለሰ ውሃ ስለሚቀላቀልበት ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ከሕንድ ውቅያኖስ ብዙ ሳይዘንብ የሚደርስ ተን ነው ይላሉ፤ ክርክሩም ገና አልተዘጋም። ለአስተዳዳሪው የሚጠቅመው ትምህርት ግን ክርክሩን አይጠብቅም። በሌላ አገር የተገኘ ደንብ ወስዶ ያለ ጠርሙስ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ያሳለፈ ሰው በሰፊው ይስት ነበር፤ የምንጩንም መነሻ ከማይሆን ተራራ ይፈልግ ነበር።

እንግዲህ የዝናቡ መዝገብ ለአገር የሚሰጠው ጥቅም ምን እንደ ሆነ መዘርዘር ይገባል።

መጀመሪያ፣ ጕድጓድ በየትኛው ዝናብ እንደሚሞላ ያስታውቃል። በአዲስ አበባ መዝገብ እንደሚታየው የበልግ ዝናብ ከሐምሌና ከነሐሴ ዝናብ ይልቅ ይከብዳል። የጕድጓዱ ውሃ የክረምቱን ዝናብ የመሰለ እንደ ሆነ፣ ምድርን የሚያጠግበው ክረምቱ መሆኑ ይታወቃል፤ ክረምቱም የሳሳ እንደ ሆነ በልግ ጥሩ ነበር ብሎ መጽናናት አይገባም። እንዲህ ያለ ዕውቀት ያለው ሹም የመስኖን ልክ አስቀድሞ ይቈርጣል፤ የሌለው ግን ውሃው ከጐደለ በኋላ ይከራከራል።

ሁለተኛ፣ ምንጭ ከየትኛው ከፍታ እንደሚመነጭ ያመለክታል። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ በአንድ አገር ከባዱ ኦክሲጅን በ100 ሜትር ከሺህ 0.2 የሚቀንስ ቢሆን፣ በ1000 ሜትር የሚበላለጡ ሁለት ቦታዎች ዝናባቸው ከሺህ በ2 ይለያያል፤ መሣሪያው ግን ከሺህ 0.1 ያህልን ስለሚለይ፣ በተራራው ግርጌ የሚፈልቀው ምንጭ ከራስጌው ወይም ከወገቡ መሆኑ ሊታወቅ ይችላል። ይህን ያወቀ ሰው የትኛውን ደን ከመጥረቢያ እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ተዳፋት እንዲታረስ እንደማይፈቀድ፣ የት እርከን እንደሚሠራ በዕውቀት ይወስናል። የቆላው ሰው ምንጬ ደረቀ ብሎ በደገኛው ላይ ሲከስ፣ ደገኛውም አላውቅም ሲል፣ ዳኛው ከሁለቱ ወገን ምስክር ሌላ የማያዳላ ሦስተኛ ምስክር ያገኛል። ነገር ግን ከላይ እንደ ተነገረው የከፍታው ደንብ በየአገሩ ይለያያል፤ በኢትዮጵያ ደጋ ከሌላው አገር ያነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአንድ ተራራ ላይ ቢያንስ በራሱ፣ በወገቡና በእግሩ ዝናብ ካልተያዘ ፍርዱ ግምት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ተኝቶ የተነነ ውሃን ያጋልጣል። ለዚህ የመተሐራው የበሰቃ ሐይቅ ነገር ሊታሰብ ይገባል። ይህ ሐይቅ በ1950ዎቹ መጨረሻ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ከ2000 ወዲህ ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ውሃው ጨዋማ ስለ ሆነ የግጦሽና የእርሻ መሬት አጠፋ፤ ባቡር ሐዲድንና አውራ መንገድን አስቸገረ፤ ለሸንኮራው እርሻም ሥጋት ሆነ። የጨመረው ውሃ ከወዴት መጣ የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል፤ አንዱ ከመስኖ የተረፈው የአዋሽ ውሃ ነው ሲል፣ ሌላው ከምድር ውስጥ የሚፈልቅ ሙቅ ውሃ ነው ይላል። ከተመረመረባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው አይሶቶፕ ነው። በ1960 በተሠራው በቆቃ ግድብ ተኝቶ በፀሐይ የተነነ ውሃ ምልክቱን ይዞ ወደ ታች ይወርዳልና፣ ከተራራ ዝናብ ቀጥታ ከሰረገው ይለያል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ምርመራ ሁሉ መመዘኛው የአካባቢው ዝናብ ነው። ሐይቁ መስፋት በጀመረበት ዘመን በዚያ አካባቢ የየወሩ ዝናብ ሳይቋረጥ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ክርክሩ ምን ያህል ባጠረ!

አራተኛ፣ የውሃን ዕድሜ ለመገመት ይረዳል። ከሃይድሮጅን ወንድሞች ሦስተኛው ትሪትየም ይባላል፤ እርሱም በ12.3 ዓመት ግማሹ ይጠፋል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኃያላን መንግሥታት የሃይድሮጅን ቦምብ በአየር ላይ ሲፈትኑ ትሪትየም በዓለም ዝናብ ውስጥ በዛ፤ በሰሜኑ የምድር ክፍል በ1963 ከሁሉ በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት በአየር ላይ መፈተንን የሚከለክል ውል በሞስኮ ስለ ተፈረመ ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ ሄደ። ስለዚህ ትሪትየም ጨርሶ ያልተገኘበት የጕድጓድ ውሃ አብዛኛው ከዚያ ዘመን በፊት የዘነበ ነው ተብሎ ይፈረዳል፤ ይህም ከላይ የአባቶች ጎተራ የተባለው ነው። አሁን ግን ከ1963 ወዲህ የግማሽነቱ ዘመን 5 ጊዜ ያህል ስላለፈ፣ የዚያ ጊዜ ትሪትየም ከ32 አንድ እጅ ያህል ብቻ ቀርቷል፤ ምልክቱም እየደበዘዘ ነው። ፍርዱ የሚቻለው በየዘመኑ የዘነበው ዝናብ ምን ያህል ትሪትየም እንደ ነበረው በመዝገብ ስለ ተጻፈ ነው። በ1963 የወረደውን ዝናብ ዛሬ ማንም በወርቅ ሊገዛው አይችልም፤ ያን ጊዜ ጠርሙሱን አቁመው የጠበቁት ሰዎች ብቻ ለልጆቻቸው አተረፉት።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሡ መቃወሚያዎች አሉ፤ ችላ ሊባሉም አይገባም። አንደኛው፣ ወረዳ የራሱ ብዙ ችግር አለበት፤ የአቶም ምርመራ ለዩኒቨርሲቲ ይተው የሚል ነው። እውነት ነው፣ መርማሪው የዩኒቨርሲቲ ሰው ነው፤ ዝናቡ የሚወርደው ግን በወረዳው ላይ ነው። ሊቁ በየመንደሩ ተቀምጦ ዝናብ ሊጠብቅ አይችልም፤ ጠባቂውን የሚያገኝ፣ የሚያደፋፍርና የሚቈጣጠር የአገሩ ሹም ነው። ሁለተኛው፣ ዛሬ ሳተላይትና የሒሳብ መኪና የዝናቡን ነገር ሁሉ ይገምታሉ የሚል ነው። ግምቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ግምት እውነተኛነቱ የሚፈተነው በምድር ላይ በተያዘ ውሃ ነው፤ የአዲስ አበባም ነገር ደንብ ሁሉ በደጋችን ላይ እንደማይሠራ አሳይቷል። ሦስተኛው ስለ ገንዘብ ነው። የመመርመሪያው መሣሪያ ውድ መሆኑ አይካድም፤ ምንም እንኳ በሌዘር ብርሃን የሚሠራው አዲሱ ዓይነት ከቀድሞው ቢረክስ። ነገር ግን መሣሪያው በየወረዳው አያስፈልግም፤ አንድ ለብዙ አገር ይበቃል። ከወረዳው የሚፈለገው መለኪያ፣ ጠርሙስ፣ መዝገብና የታመነ ሰው ነው። ለአንድ ደረቅ ጕድጓድ መቈፈሪያ የሚባክነው ገንዘብ ይህን ሥራ ለብዙ ዓመት ያስኬደዋል።

የዚህ ሥራ ትልቁ ጠላት የገንዘብ ማነስ ሳይሆን ቸልታና ሐሰት ነው። ጠርሙሱ ክፍቱን ካደረ ቀላሉ ውሃ ይተንና የቀረው ይከብዳል፤ መርማሪውም ያልዘነበ ዝናብ እንደ ዘነበ አድርጎ ይፈርዳል። የሰኔ ውሃ ከሐምሌ ጋር ከተቀላቀለ ሁለቱም ጠፉ። ከሁሉ የከፋው ግን የጐደለውን ወር ለመሙላት ከቧንቧ ወይም ከወንዝ ቀድቶ መላክ፣ ወይም ያልተለካውን ሚሊ ሜትር ከልብ አንቅቶ መጻፍ ነው። ባዶ የቀረ ወር አንድ ወር ብቻ ያጐድላል፤ በሐሰት የተሞላ ወር ግን እውነተኞቹን ወራት ሁሉ ያስጠረጥራል። ይህም ሐሰት ብዙ ጊዜ ከጠባቂው ክፋት ሳይሆን ከአለቃው ቍጣ ይወለዳል። መዝገቡ ባዶ ሆኖ ሲያይ የሚቈጣና የሚቀጣ ሹም፣ በሚመጣው ጊዜ ሙሉ መዝገብ ያገኛል፤ እውነተኛ መዝገብ ግን አያገኝም።

ስለዚህ ሥራው በሚከተለው ሥርዓት ቢያዝ መልካም ነው።

1ኛ፤ መለኪያው ከዛፍና ከቤት ጥላ በራቀ ሜዳ ይተከል፤ ከብትና ሕፃናትም እንዳይደርሱበት ይታጠር።

2ኛ፤ ዝናቡ በየቀኑ በታወቀ ሰዓት ተለክቶ ሚሊ ሜትሩ ይጻፍ፤ ውሃውም ወዲያው ወደ ወሩ ማጠራቀሚያ ይገልበጥ። ማጠራቀሚያው አፉ ጠባብ፣ ክዳኑም ጥብቅ ሆኖ ከፀሐይ በራቀ ቀዝቃዛ ቤት ይቀመጥ። በአንዳንድ ጣቢያ ውሃው እንዳይተን ፓራፊን የሚባል ዘይት በላዩ ይንሳፈፍበታል፤ ይህ ግን መርማሪው ቤት ያዘዘ እንደ ሆነ ብቻ ይደረግ።

3ኛ፤ ማጠራቀሚያው የክረምቱን ዝናብ የሚችል ይሁን። የአፉ ስፋት 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሆነ መለኪያ በወር 250 ሚሊ ሜትር የዘነበ እንደ ሆነ 5 ሊትር ውሃ ይጠራቀማል፤ ትንሽ ጠርሙስ ያቆመ ሰው ነሐሴን ሳያጋምስ ይሞላበታል።

4ኛ፤ ወሩ ባለቀ ማግሥት ውሃው በደንብ ተነቅንቆ ከርሱ 50 ሚሊ ሊትር ያህል በንጹሕ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ይሞላ፤ አየር እንዳይቀርበትም ተጠብቆ ይከደን። የስፍራው ስም፣ ወሩ፣ ዓመቱና የወሩ ጠቅላላ ሚሊ ሜትር በማይለቅ ቀለም ይጻፍበት። ሚሊ ሜትሩ ያልተጻፈበት ጠርሙስ ግማሽ ዋጋው ጠፍቷል፤ 10 ሚሊ ሜትር የዘነበበት ወር 250 ሚሊ ሜትር ከዘነበበት ወር ጋር እኩል አይቈጠርምና። ሌላ አንድ ጠርሙስ ደግሞ በወረዳው ይቀመጥ፤ የተላከው በመንገድ ቢሰበር ምትክ ይሆናል።

5ኛ፤ ጠባቂው ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ቢታመም ወይም ለሐዘንና ለደስታ ቢሄድ ሌላው እንዲተካ። ድካማቸውም ሳይዘገይ ይከፈላቸው፤ ደመወዙ የዘገየበት ሰው ጠርሙሱን ያዘገያልና።

6ኛ፤ ያልተያዘ ወር አልተያዘም ተብሎ ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ እውነቱን የጻፈም ጠባቂ አይቀጣ፤ ይልቁንም ይመስገን።

7ኛ፤ በዓመት አንድ ጊዜ የጕድጓዶችና የምንጮች ውሃም በዚሁ ጥንቃቄ ተይዞ ከዝናቡ ጋር አብሮ ይላክ። የምርመራውም ውጤት ሲመለስ በመሥሪያ ቤት ሣጥን ተቈልፎ እንዳይቀር፣ ለአካባቢው ሽማግሎችና ለገበሬዎች በሚገባቸው ቋንቋ ይነገር። ሕዝቡ የውሃውን ነገር ያወቀ እንደ ሆነ ልኩን ለመጠበቅ ከትእዛዝ ይልቅ በገዛ ፈቃዱ ይተባበራል።

ይህ ሥራ ፍሬውን በአንድ ዓመት አይሰጥም። የአንድ ዓመት ዝናብ የዚያን ዓመት ጠባይ ብቻ ያሳያል፤ ድርቅና ጥጋብ የተፈራረቁበት የብዙ ዓመት መዝገብ ግን የአገሩን ጠባይ ያሳያል። ስለዚህ ጠርሙሱን የሚያስጀምረው ሹም ፍሬውን ሳያይ ወደ ሌላ ስፍራ ሊዛወር ይችላል። ብዙዎችም ሥራ የሚጀምሩት የሚመረቅበትን ቀን አስበው ነውና፣ ሪባን የማይቈረጥለት፣ ድንጋይ የማይጣልለት እንዲህ ያለ ሥራ ይናቃል። ነገር ግን የወይራ ችግኝ የሚተክል አባት ጥላውን ለራሱ ብሎ አይተክልም። ተተኪው ሹም የመስኖ ክርክር በቀረበለት ጊዜ፣ የአሥር ዓመት መዝገብ ባዶ ወሩን ባዶ፣ ሙሉ ወሩን ሙሉ ብሎ በፊቱ ቢያገኝ፣ ከእርሱ በፊት በዚያ ስፍራ የነበረው ሰው አገር ይወድ እንደ ነበር ያለ ሐውልት ያውቃል።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ተረት በአገራችን የቈየ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው በውሃ ማጣት ለመዘበት ነው፤ ነገር ግን ያለውን ሀብት መጠንና መነሻ ሳያውቅ ለሚያባክንም ሰው ተግሣጽ ይሆናል። ዝናብ በየክረምቱ ያለ ክፍያ ይወርዳል፤ ምስክርነቱንም ያለ ክፍያ ይሰጣል። የሚቀረው የሚቀበለው ጠርሙስ፣ የሚጽፈው እጅና እውነቱን ሳይቈጣ የሚያነብ ሹም ነው። የሚመጣው ክረምት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የወረዳ ሹም በግዛቱ ውስጥ ስንት የዝናብ መለኪያ እንዳለ፣ በስንቱም የታመነ ጠባቂ እንደ ተመደበ ይቍጠር፤ ከእነርሱም አንዱን እንኳ መርጦ በሰኔ ያስጀምር። ሳይያዝ ያለፈ የሰኔ ዝናብ በማናቸውም ደብዳቤ ተጠርቶ አይመለስም።